ከፊርማው በፊት

ልጆቼ፣ በደን ሙያ ገና ለምትጀምሩት ነው የምጽፈው።

በወጣትነቴ አንድ ደን በአግባቡ ለመያዙ የምስክር ወረቀት ይገባው እንደሆነ ሊመረምር ከሄደ የኦዲት ቡድን ጋር ነበርኩ። ኩባንያው ነባሩ ሕዝብ በዛፍ ቆረጣው ለመስማማቱ ማስረጃ ብሎ ሦስት ገጽ ፊርማና የጣት አሻራ አቀረበልን። እኔም «ተሟልቷል» ብዬ ጻፍኩ። ማታ አንዲት አዛውንት እናት ዘንድ ቁጭ ብለን ስንጨዋወት ግን «እኛ የፈረምነውኮ ስብሰባው ላይ መገኘታችንን ነው» አሉን። አፈርኩ።

ደንቡ ደካማ ሆኖ አይደለም። የዚህን የምስክር ወረቀት ደንብ የሚያወጣው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የደን አስተዳደር ምክር ቤት፣ ኤፍ ኤስ ሲ የምንለው፣ ሦስተኛ መርሁ የነባር ሕዝቦች መብት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ144 ድምፅ ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ስምምነት ያለ ጫና፣ አስቀድሞ፣ ነገሩ በደንብ ከተነገረ በኋላ ይሰጥ። (ያኔ የተቃወሙት ካናዳ፣ አሜሪካ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ኋላ ላይ ደግፈውታል።) ብዙ ጊዜ የምትረሳው «አስቀድሞ» የምትለዋ ቃል ናት። መንገዱ ተጠርጎ መጋዙ ከገባ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በሰሜን ኮንጎ ሪፐብሊክ የሆነውን ለማንም ከመንገር አልቦዝንም። እዚያ ሳፔሊ የሚባለው ዛፍ ለእንጨት ነጋዴው ውድ ጣውላ ነው፤ የደኑ ነባር ሕዝብ ለሆኑት ለምቤንጄሌዎች ግን በወቅቱ የሚበላ አባጨጓሬ የሚለቀምበት ዛፍ ነው። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በሥዕል ብቻ የሚሠራ ጂፒኤስ ይዘው ደኑን እየዞሩ እንዲህ ያሉ ዛፎችን፣ መቃብሮችንና የተቀደሱ ቦታዎችን በካርታ ላይ አሰፈሩ። እኛ ዲግሪ ይዘን የማናየውን ማለት ነው።

ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ አትቅሩ፤ አብራችሁ ደን ግቡ። ከአለቃው ሌላ ማን እንደሚናገር፣ በተለይ ሴቶቹ የት እንዳሉ ጠይቁ። ሰርተፊኬቱ ለአምስት ዓመት ቢሰጥም በየዓመቱ ይመረመራል፤ ያን ጉብኝት ለወረቀት ብቻ አታውሉት።

እኔ ያን ጊዜ የጻፍኩትን ሰርዤ ሪፖርቱን አዘገየሁ፤ አለቃዬም ተቆጣ። ሰዎቹ እንደገና ሲጠየቁ፣ በዚህኛው ጊዜ ካርታ ተዘርግቶላቸው፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው እንዳይነካ አሉ፤ በቀረው ተስማሙ።