የሞተ የመሰለ ሀሪኬን ሲመለስ፦ ለሂዩስተን ነዋሪዎች ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሀሪኬን ማለትም ከሞቃት ባሕር የሚነሣው ኃይለኛ ወጀብ፣ ወቅቱ ጁን 1 ይጀምርና ኖቬምበር 30 ያበቃል። በእነዚህ ስድስት ወራት ስልኬ አያርፍም። ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ «ወጀቡ ተዳክሟል ተባለ፤ እፎይ እንበል?» የሚለው ነው። እኔ የሜትዎሮሎጂ ምሁር አይደለሁም። ሂዩስተን ከገባሁበት ከ2000 ጀምሮ ግን ወጀብ ስከታተል ኖሬአለሁ፤ በጓሮዬ ዝናብ መለኪያ ተክዬ የየማለዳውን መጠን በበጎ ፈቃድ ሪፖርት አደርጋለሁ። ሰሞኑን የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የሀሪኬን ቅሪት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ሞቷል ማለት አይደለም?

አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል አንድን ወጀብ «ቅሪት» የሚለው ከምድር ወይም ከባሕር ወለል አጠገብ የሚሽከረከረው ነፋስ ክቡን መዝጋት ሲያቅተው፣ ደመናውም በመሐሉ ዙሪያ መሰብሰቡን ሲተው ነው። የተሸከመው እርጥበት ግን የትም አልሄደም። ከፍ ብሎ ባለው አየር ውስጥም ሽክርክሪቱ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቆያል።

እናቶቻችን ማታ ምድጃው ላይ ያለውን እሳት በአመድ አዳፍነው ይተኛሉ። ላየው ሰው አመድ ብቻ ነው። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው ጭራሮ ጣል ካደረጉበትና እፍ ካሉበት ይያያዛል። ቅሪትም እንደዚያ የተዳፈነ እሳት ነው። ጭራሮው 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሞቀ የባሕር ውኃ ነው። በዚያ ላይ እርጥብ አየር ሲያገኝ፣ የላይኛውና የታችኛው ነፋስም በአቅጣጫና በፍጥነት ሲቀራረቡ ይነሣል። ሁለቱ ነፋሶች ከተለያዩ ግን የወጀቡን አናት ከወገቡ ገፍተው ይጥሉታል።

ጋሼ፣ ሃርቪ እዚህ ከመድረሱ በፊት ጠፍቶ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ይህንን ታሪክ ሁሉም የሂዩስተን ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሃርቪ ኦገስት 17 ቀን 2017 ከባርቤዶስ በስተምሥራቅ ስም አገኘ፤ ደሴቶቹን አልፎ ካሪቢያን ባሕር ሲገባ ነፋሱ ፈተገውና ኦገስት 19 ተበታተነ። ማዕከሉም መግለጫ መስጠቱን አቆመ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰኞው የፀሐይ ግርዶሽ ነበር።

ቅሪቱ ግን ጉዞውን አላቋረጠም። የሜክሲኮን ዩካታን ልሳነ ምድር ተሻግሮ ወደ ካምፔቼ ባሕረ ሰላጤ ወረደ፤ ኦገስት 23 ቀን እንደገና ተነሣ። ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ። በሁለት ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ደረጃ 4 (ከ5) ሀሪኬን ሆኖ፣ በሰዓት 130 ማይል በሚነፍስ ነፋስ ኦገስት 25 ምሽት ሮክፖርት አጠገብ ቴክሳስን መታ። ሐሙስ ዕለት ሱቅ የሄደ ሰው ባዶ መደርደሪያ ነው የጠበቀው።

በዚህም አላበቃም። ወጀብን የሚነዳው በዙሪያው ያለው ሰፊ ነፋስ ነው፤ ያ ነፋስ ሲደክም ወጀቡ ባለበት ይቆማል። ሃርቪ መሬት ላይ ገብቶ ተዳክሞም ለቀናት ከባሕሩ ውኃ እየቀዳ በእኛ ላይ ሲያወርድ ሰነበተ። ኔደርላንድ በምትባለው የቴክሳስ ከተማ 60.58 ኢንች ዝናብ ተለካ፤ ይህም ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ክረምትና በልግ ተደምሮ ከምታገኘው ይበልጣል። ከዚያ ወደ ባሕር ተመልሶ ኦገስት 30 ካሜሮን በምትባል የሉዊዚያና ከተማ አካባቢ ሉዊዚያናን ደገማት።

ስሙ ሀሪኬን ካልሆነ ያን ያህል ያስፈራል? እኛ ሠፈር ነፋስ አይበረታም።

እኔም በ2001 እንደ እርስዎ ነበር የማስበው። ከአገር ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነበር፤ በብሬይስ ባዩ (ባዩ የሚሉት የከተማችንን ቀርፋፋ ወንዝ ነው) አቅራቢያ አንድ ክፍል ቤት መሬት ላይ ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ጁን 5 ማክሰኞ አሊሰን የተባለው ወጀብ ፍሪፖርት በኩል ገባ። ዘነበ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ወደ ሉፍኪን ሄደ ተባለ። የገዛሁትን ባትሪና ውኃ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ያ ወጀብ ሉፍኪን ላይ ዞሮ በመጣበት መንገድ እየተመለሰ እንደነበር አላወቅኩም።

አርብ ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ከመታጠቢያ ቤቱ የሚመጣ የመንቦቅቦቅ ድምፅ ነው። ውኃው የገባው በበር አልነበረም፤ በማፍሰሻው ቀዳዳ ከታች ወደ ላይ ነበር። መብራት ጠፍቷል። ግድግዳው ጥግ ወለሉ ላይ ያስቀመጥኩት የጤፍ ዱቄት ከረጢት ነበር፤ ነጭ ወረቀቱ ከሥሩ እየራሰ ጠቆረ፤ በባትሪ መብራት እያየሁት ጥቁሩ መስመር ጣት በጣት ወደ ላይ ወጣ። ውኃው ምን ያህል እንደ ጨመረ የምለካው በዚያ ነበር። ከረጢቱ ግማሽ ሲደርስ ፓስፖርቴንና ጫማዬን ይዤ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ጎረቤቶች ወጣሁ። የማላውቃቸው የቬትናም ቤተሰቦች ነበሩ፤ ፎጣና ሻይ ሰጡኝ።

አሊሰን በሕይወት ዘመኑ አንድም ቀን ሀሪኬን ሆኖ አያውቅም። ሆኖም በሂዩስተን ወደብ አካባቢ 37 ኢንች ያህል ዝናብ አወረደ፤ የከተማችንን የሕክምና ማዕከል ምድር ቤቶች አጥለቀለቀ፤ በቴክሳስ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሀሪኬን ሳይሆን ስሙ ከመዝገብ የተሰረዘ በአትላንቲክ የመጀመሪያው ወጀብ እሱ ነው። የሀሪኬን ደረጃ ከ1 እስከ 5 የሚለካው ነፋስን ብቻ ነው፤ ስለ ዝናብ አንዳች አይነግርዎትም። የእኛ ሠፈር ጠላት ደግሞ ውኃ ነው።

ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ስሙን መጥራት ካቆመ ማንን ልስማ? እንግሊዝኛም ብዙ አልችልም። (በሂዩስተን አሊፍ ሠፈር የሚኖሩ እናት)

እማማ፣ ለእርስዎ የሚሆን ቀላል ነገር አለ። የሀሪኬን ማዕከል የሰባት ቀን ካርታ ያወጣል። ሊነሣ የሚችለውን ነገር በቀለም ይከብበዋል፤ ቢጫ ከሆነ ዕድሉ ከ40 በመቶ በታች ነው፣ ብርቱካናማ ከ40 እስከ 60፣ ቀይ ከ60 በላይ። የጠፋ ወጀብ ቅሪትም ሊነሣ ይችላል ከተባለ እዚያ ካርታ ላይ ይታያል። ለቀለም እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ የልጅ ልጅዎ ስልክዎ ላይ አንዴ ያስቀምጥልዎት።

ሰዓቱም ለእርስዎ የተመቸ ነው። ካርታው በእኛ ከተማ የበጋ ሰዓት በ1 እና በ7፣ ቀንም ሌሊትም ይታደሳል። ስም ላለው ወጀብ የሚወጣው ዋና መግለጫ ደግሞ በ4 እና በ10 ነው። በአገራችን አቆጣጠር ሲቆጥሩት 1 ሰዓቱ 7፣ 7 ሰዓቱ 1 ይሆናል፤ 4ቱና 10ሩም እንዲሁ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ግድግዳዎ ላይ ያለው ሰዓት በየትኛውም ቢሞላ፣ ቁጥሮቹ ያው ናቸው።

ተመልሶ ከተነሣ የድሮ ስሙን ይዞ ነው ወይስ አዲስ ይሰጠዋል?

ያው ወጀብ መሆኑን መከታተል ከተቻለ ስሙን ይይዛል። ኢቫን በሴፕቴምበር 2004 አላባማን መትቶ በምሥራቅ ጠረፍ እስካለው ዴልማርቫ ልሳነ ምድር ወጣ፤ ከዚያ ቅሪቱ ወደ ደቡብ ዞሮ ፍሎሪዳን ተሻገረና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እንደገና ኢቫን ሆኖ ሉዊዚያና ገባ። ከሌላ ሥርዓት ጋር ከተቀላቀለ ግን እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ የካትሪና አንዱ ምንጭ ከቀናት በፊት የተበተነ ቁጥር 10 የተባለ ደካማ ወጀብ ቅሪት ነበር። በ2020 ደግሞ አማንዳ ከፓሲፊክ ጓቲማላን መትታ ጠፋች፤ ቅሪቷ በዚህ በኩል ክሪስቶባል ተባለ።

ሀሪኬን ከኢትዮጵያ ይነሣል የሚባለው ተረት ነው?

ተረት አይደለም፤ ግን በልክ መነገር አለበት። በክረምት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችና በዳርፉር ተራሮች ላይ የሚነሣው የነጎድጓድ ደመና በላይኛው አየር ላይ ሞገድ ይቀሰቅሳል። ሞገዱ በምዕራብ አፍሪካ በኩል አትላንቲክ ይገባል። በዓመት 60 ያህል እንዲህ ያሉ ሞገዶች ይሻገራሉ፤ ወጀብ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ኃይለኛ ከሚባሉት የአትላንቲክ ሀሪኬኖች አብዛኞቹ ከእነዚህ ሞገዶች ይወለዳሉ። ሃርቪም ከአፍሪካ ከወጣ ሞገድ ነው የተነሣው።

በቴሌግራም የሚላክልን ባለ ብዙ መስመር ካርታ ሂዩስተንን ሲመታ አየሁ። ልሽሽ?

በዚያ ካርታ አይሽሹ። እያንዳንዱ መስመር አንድ የኮምፒውተር ስሌት ነው። ስሌቱ ለመጀመር የወጀቡ መሐል የት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ቅሪት ደግሞ ጥርት ያለ መሐል የለውም። መነሻው ከሳተ መድረሻውም ይስታል፤ ለዚህ ነው ስለ ቅሪት የሚሳሉ መስመሮች ዛሬ ሂዩስተን፣ ነገ ፍሎሪዳ የሚሄዱት። መሐሉ መኖር አለመኖሩን ለማየት ሚሲሲፒ ካለው የኪስለር የአየር ኃይል ሠፈር የሚነሡ አውሮፕላኖች ወጀቡ ውስጥ ገብተው ይለካሉ። እነሱ በረው መሐሉን አገኘን ካሉ በኋላ ያለውን ትንበያ ይመኑ። ካርታውን ቀንና ሰዓቱን ሳያዩ ለሰው የሚያስተላልፉ ወገኖች እባካችሁ ይህን ተዉ፤ ባለፉት ዓመታት አዛውንቶችን በከንቱ ስታስጨንቁ አይቻለሁ።

እኅቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በቤዝመንት (በምድር ቤት) ነው የምትኖረው። እሷ ከባሕር ሩቅ ናት አይደል?

ከባሕሩ ትርቃለች፤ ከቅሪቱ ግን አትርቅም። አይዳ ኦገስት 29 ቀን 2021 ሉዊዚያናን መታ። ከሦስት ቀን በኋላ ቅሪቱ ሜሪላንድ፣ ኒው ጀርሲና ኒውዮርክ ደረሰ። በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በአንድ ሰዓት ከ3 ኢንች በላይ ዘነበ፤ በከተማዋ ከሞቱት አብዛኞቹ በቤዝመንት ቤታቸው ውስጥ ውኃ የዘጋባቸው ነበሩ። ለእኅትህ በሚቀርባት በሮክቪልም የመኖሪያ ሕንፃ ተጥለቅልቆ አንድ ወጣት ሞቷል። ኢቫንም ቢሆን በ2004 ተዳክሞ ሲያልፍ በቨርጂኒያ በአንድ ቀን 37 ቶርኔዶ ጥሏል።

ዛሬውኑ ደውልላት። ከቤቷ የሚወጣ ሁለተኛ በር ወይም ሰው የሚያሳልፍ መስኮት አለ ወይ ብለህ ጠይቃት። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ስልኳ ላይ ከጮኸ ዕቃ ሳትሰበስብ ወደ ላይ ትውጣ። በር ከውጭ ውኃ ከገፋው ወደ ውጭ አይከፈትም።

የቤት መድን አለኝ፤ ጎርፍን ይሸፍናል?

በተለምዶ አይሸፍንም። የጎርፍ መድን ለብቻው ይገዛል፤ በፌዴራሉ ፕሮግራም ከገዙት በኋላ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ይጠበቃል። ወጀቡ ካርታ ላይ ከታየ በኋላ ቢገዙት አይደርስልዎትም። ተከራይም ለዕቃው መግዛት ይችላል።

ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። መንገድ ላይ ውኃ ካገኘሁ?

ተመለስ ወንድሜ። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ ትናንሽ መኪኖችን ያነሣል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኞቹን ይወስዳል። ሌሊት ደግሞ ጥልቀቱ አይታይም፤ በተለይ በድልድይ ሥር በሚያልፉት ዝቅ ያሉ መንገዶች። ተሳፋሪው ቢቆጣም ይቆጣ።

ታዲያ መቼ ነው በሰላም የምተኛው?

እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። በሰባት ቀኑ ካርታ ላይ ያ ቅሪት ምንም ቀለም የለውም? ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለአካባቢያችን ያወጣው የጎርፍ ማሳሰቢያ ተነሥቷል? ሦስተኛው የባዩዎቹ ከፍታ ነው። የሃሪስ ካውንቲ የጎርፍ መቆጣጠሪያ ድርጅት በየባዩው ላይ መለኪያ ተክሏል፤ ቁጥሩን ማንም ሰው በኢንተርኔት ማየት ይችላል። በአቅራቢያህ ያለውን መለኪያ ስም ያዝ። ዝናቡ ከቆመ በኋላም ከላይኛው ሠፈር የሚወርደው ውኃ ለሰዓታት ሊጨምር ስለሚችል፣ መስመሩ ማሽቆልቆል እስኪጀምር ጠብቅ። የእኔ ባትሪ ግን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ከአልጋዬ አጠገብ አይነሣም፤ የጤፍ ከረጢቴም መደርደሪያ ላይ ነው።