የት ላይ ነው የምረጋው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። ጥድፊያው ሰለቸኝ፣ ጭንቅላቴ አያርፍም፣ ምን ላድርግ የሚሉ ናቸው። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ የእነሱ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስማችሁንም ትቼዋለሁ። ሻማ አብሩ፣ አፕ አውርዱ፣ የሚያምር ማስታወሻ ደብተር ግዙ የሚል ምክር ከፈለጋችሁ ግን እዚህ የለም። ሥራ በዝቶበት የሚሮጥን ሰው ሌላ ሥራ ጨምርበት ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው? እኔ የምለው ከያዛችሁት ላይ ቀንሱ ነው። መቀነስ የማይቻልበት ቦታ ሲያጋጥም ደግሞ አልዋሻችሁም።

«ቤቴ ኮዬ ፈጬ ነው፣ ሥራዬ ሜክሲኮ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ማታ 2 ሰዓት ቤት እገባለሁ። ከዚያ እራት፣ ከዚያ የልጅ ዩኒፎርም ማጠብ። እናቴ “ረጋ በይ ልጄ” ትለኛለች። እስቲ ንገረኝ፣ የት ላይ ነው የምረጋው?» (የባንክ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)

እህቴ፣ መንገዱን ላሳጥርልሽ አልችልም። ያንን ሁሉ ትራፊክ በረጅም ትንፋሽ አናልፈውም። «ሰላም ከውስጥ ነው» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው፣ የታክሲ ሰልፉ ውጭ ነው ያለው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰልፉ ላይ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ? ልገምት። ቴሌግራም ከፍተሽ የመሥሪያ ቤቱን ግሩፕ ታያለሽ፣ አለቃሽ የጻፈውን አንብበሽ ትናደጃለሽ፣ ከዚያ ቲክቶክ፣ ከዚያ የእህትሽ ሚስድ ኮል፣ ከዚያ ደግሞ የመብራት ሒሳብ በቴሌብር። እግርሽ ቆሟል፣ ጭንቅላትሽ ግን አምስት ቦታ ሄዷል። ቤት ስትገቢ የሚሰማሽ ድካም ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሶፊ ለሮይ የምትባል ተመራማሪ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህንኑ አይታዋለች። አንዱን ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንዘል ሐሳባችን ጠቅልሎ አብሮን አይሄድም፣ ከፊሉ የተውነው ሥራ ላይ ይቀራል፣ በዚህም ምክንያት አዲሱን ሥራ በደንብ አንሠራውም። ቆይታ ከባልደረባዋ ጋር ያገኘችው መላ ደግሞ ቀላል ነው። አንድ ሥራ ሳያልቅ መተው ግድ ሲሆንብሽ፣ የት እንዳደረስሽውና ስትመለሺ ከምን እንደምትጀምሪ በአጭሩ ጻፊና ተነሺ።

ስለዚህ ከቢሮ ከመውጣትሽ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፊና ጠረጴዛሽ ላይ ተይው። ሰልፉ ላይ ስልክሽ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ላንቺ እረፍት ነው፣ ለኪስ አውላቂው መርዶ። ሰውን እያየሽ ቁሚ። ይሰለችሽ ይሆናል፣ ይሰልችሽ፣ የሰለቸው ጭንቅላት ቢያንስ እየተናደደ አይደለም። ቤት ስትደርሺ ደግሞ ዩኒፎርሙ በየቀኑ መታጠብ አለበት ወይ? ስለ ባልሽ አልጻፍሽልኝም። ካለ ግን እሱም ሁለት እጅ እንዳለው እገምታለሁ።

«ያለሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ ኡበር። ቡና የምጠጣው መኪና ውስጥ በወረቀት ኩባያ ነው። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ በቀደም “አባዬ፣ ዛሬ እዚህ ነው የምታድረው?” አለኝ።»

ወንድሜ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ሒሳብ እንሥራ። የማታው ኡበር በሳምንት ስንት ያስገባልሃል? ቤንዚኑ፣ የመኪናው ጥገና፣ ኢንሹራንሱና ታክሱ ሲወጣለትስ ስንት ይቀርሃል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፣ ሁለተኛውን ቁጭ ብሎ አስልቶት አያውቅም። አንተ አስላውና በየምሽቱ ለይተህ ጻፈው። ከሁሉም ትንሽ የሚያስገባው ምሽት ይታይሃል። እሱን ተወው። ሌሎቹን ንዳ፣ ኪራይ የሚከፈለው በፍልስፍና አይደለም፣ አገር ቤት የሚጠብቅህ ሰው እንዳለም አውቃለሁ። አንድ ምሽት ግን የልጅህ ይሁን።

ቀጥሎ ቡናው። ቤት ውስጥ ጀበና አለ አይደል? ቁምሳጥን ላይ ለጌጥ ተቀምጦ እንዳይሆን ብቻ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አውርደው። የቡና ሥርዓታችን መቸኮልን አይወድም። ጥሬው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ በየሰው አፍንጫ ሥር ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ይጣዳል። ቸኩለህ እሳቱን ብታበዛበት ይገነፍላል፣ ሳይሰክን ብትቀዳው አተላውን ትጠጣለህ። አቦል ካለቀ ቶና አለ፣ ከቶና በኋላ በረካ። አቦልን ጠጥተው እብስ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አውቃቸዋለሁ፣ ምን እንዳመለጣቸው ግን አያውቁም። ሰው አቦል ላይ ስለ አየሩና ስለ ትራፊኩ ነው የሚያወራው፣ የሆዱን የሚያወጣው ቶና ላይ ነው። ልጅህም የትምህርት ቤቱን ጉድ የሚነግርህ ያኔ ነው፣ አንተ ምንም ሳትጠይቀው፣ ፈንድሻውን እየቆረጠመ።

ሦስት ማሳሰቢያ አለኝ። ስልኮቹ ሌላ ክፍል ይሁኑ። ስትቆላ መስኮት ክፈት፣ የጭስ ማንቂያው ጮኾ ጎረቤት እንዳይሰበሰብ። ደግሞም ከምሳ በፊት ይሁን፣ የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ብቻ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ አመሻሽ ላይ ሦስት ሲኒ ጠጥተህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብትል ጥፋቱ የእንቅልፉ አይደለም።

«ሜዲቴሽን ሞክሬ አልሆነልኝም። ዓይኔን ስጨፍን የቤት ኪራይ ይመጣብኛል። ጓደኞቼ ደግሞ የሌላ ሃይማኖት ነገር ነው፣ ተወው ይሉኛል።»

የቤት ኪራይ ባይመጣብህ ነበር የሚያስገርመኝ። ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፣ አንተ ግን ሲመጣ ሙግት አትግጠመው። ስሙ ካስጨነቀህ ስሙን ተወው። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ለጥቂት ደቂቃ ወደ 6 አውርደው፤ እስከ 4 እየቆጠርክ አስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ አስወጣ። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ትንሽ ዝግ ስለሚል ማስወጣቱን ማስረዘም ሰውነትን ያረጋጋል። ካዞረህ አቁም።

ደግሞ ይህን ያህል ርቆ መሄድ ምን አስፈለገ? ኦርቶዶክስ ከሆንክ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት እየተባሉ የተቀመጡ 7 የጸሎት ጊዜያት አሉልህ። ሙስሊም ከሆንክ በቀን 5 ጊዜ ሥራህን ጥለህ የምትነሳበት ሶላት አለህ። ጸሎት ከዚህ በላይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለሱ የሃይማኖት አባቶች አሉ። እኔ ያየሁት ቀንን ቆርጦ ቀጥ የሚያደርግ ሰዓት ያላቸው ሰዎች ከሌሎቻችን ይልቅ ከሥራቸው ላይ መነሳት እንደሚያውቁ ነው። ሰባቱን ካልቻልክ የቀትሩን ብቻ ያዝ፣ ሳታጣድፈው።

«60 ዓመት ሞልቶኝ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም፣ ጊዜ ሞልቷል። ሰላም ግን የለኝም። እንቅልፌም ቀንሷል።» (አዳማ)

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም የቀሩትን መልሶቼን በሙሉ የሚፈትን ነው። ቀስ ማለት ብቻውን ሰላም ቢሆን ኖሮ ጡረተኛ ሁሉ በሰላም በኖረ ነበር። ስንሮጥ የማንሰማው ብዙ ነገር አለ፤ ያልተለቀሰለት ሐዘን፣ ያልታረቁት ወንድም፣ «ከእንግዲህ ማን ይፈልገኛል» የሚል ሐሳብ። ሩጫው ሲቆም ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፣ ትንሽ ሥራ ይያዙ። እድሩ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ ሳይፈልግ አይቀርም፣ ሁልጊዜ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ጎረቤት ጋር በእግር ይውጡ፣ ብቻዎን ከሆነ ሲዘንብ ይቀራሉ፣ ሰው ከጠበቀዎት ግን ይወጣሉ።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ይያዙልኝ። የእንቅልፍ ማጣቱ፣ የሐዘን ስሜቱ፣ ለምግብም ለጨዋታም ፍላጎት ማጣቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይለቅ ከቆየ ሐኪም ያማክሩ። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው አማኑኤልን ብቻ እያሰበ ይፈራል። አጠቃላይ ሆስፒታሎችም ውስጥ አገልግሎቱ አለ። ለደም ግፊት የሚሄድ ሰው ለዚህም ይሄዳል።

«አቡዳቢ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ነው ሥራው፣ መዳም ስትተኛ ነው የምተኛው። ውስጤ እንዲረጋ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ያንቺ ነገር የውስጥ ሰላም ጉዳይ አይደለም፣ እረፍት ተከልክለሽ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ እረፍት ይሰጥሻል፣ በቀን ደግሞ 12 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ። ፓስፖርትሽም አንቺ ጋር መሆን አለበት። አቤቱታ የሚቀበለው የአገሩ የሰው ሀብት ሚኒስቴር ነው፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲም እዚያው አቡዳቢ አለ። በቁጣ ተነስተሽ ግን አትውጪ። መጀመሪያ ያለሽበትን አድራሻ ለምታምኛት ሰው ላኪ፣ የሥራ ሰዓትሽን በየቀኑ ጻፊ፣ የውልሽን ፎቶ ያዢ። ሌላ የአረብ አገር ያላችሁ የአገራችሁ ሕግ ይለያል፣ የዚያን ጠይቁ።

«ድሃ አገር ላይ ሆነን ቀስ በሉ ማለት ስንፍናን ማስተማር አይደለም?»

አይደለም፣ ግን ጥርጣሬህ ይገባኛል። አንዳንዱ «እኔ ረጋ ያልኩ ሰው ነኝ» እያለ ባለጉዳይ ያጉላላል፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። እኔ የማወራው ስለሚሠራ ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ያወጡት ሰዎች ስንፍናን ሊያበረታቱ አልነበረም። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብለው ገደብ አበጁ፣ በ7 ቀን ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ እረፍት፣ የመጀመሪያውን ዓመት ላገለገለ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ። በመርህ ደረጃ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥም ክልክል ነው፣ ሰው ካላረፈ እንደማይሠራ ያውቃሉና። እስቲ በመሥሪያ ቤትህ ስንቱ ደብዳቤ ተቻኩሎ ተጽፎ ስሕተቱ ሲገኝ እንደገና እንደሚታተም ቁጠር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ያሉት ይህን አይተው ነው፣ ልቅሞሹም የሥራ ሰዓት ይበላል።

«ቲክቶክ ጀምሬ ስነቃ ሌሊት ሆኗል። እንዴት ልቀንሰው?» (ተማሪ፣ ሐዋሳ)

ቻርጀሩን ሳሎን ሰክተሽ ተኚ። ለመነሻ የሚደውል ተራ ሰዓት ግዢ። ኖቲፊኬሽን የሰው ጥሪ ሲቀር ሁሉንም ዝጊ። ወደ ሐይቁ ዳር ስትወጪም ስልኩን ቤት ተይው፣ ይዘሽው ከወጣሽ ሐይቁን መቅረጽ ትጀምሪያለሽ።

«ስኬታማ ሰዎች ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳሉ ይባላል። ለአእምሮ ጥራት ይረዳል?»

ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ? 3 ሰዓት ከሆነ ተነስ፣ ጸጥታው ደስ ይላል። 6 ሰዓት ከሆነ ግን አትልፋ። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፣ አንተ 4 ሰዓት ተኝተህ ተነስተህ ስለ አእምሮ ጥራት ቪዲዮ ልታይ ነው። ደግሞ 10 ሰዓት ከሚነሱት ስኬታማዎች ውስጥ ቁርስ የሚሠራላቸው ሰው ያላቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ማንም አይነግርህም።