ትኩሳቱ ለቋቸው ቁርጥማቱ ላልለቀቃቸው እናትሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት አየሁት። እናትሽ ቺኩንጉንያ የሚባለው፣ ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ከያዛቸው አምስት ወር ሆኗቸዋል። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቋቸዋል፤ ጣታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ግን እስካሁን ያብጣል። ጤና ጣቢያ «እርጅና ነው» አሏቸው፣ ጎረቤት ደግሞ «ብርድ ነው» አለ። የሚሻል ነገር አለ ወይ ብለሻል። አለ። እኔም አልፌበታለሁና ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኔን የያዘኝ በ2011 ዓ.ም ክረምት፣ ድሬዳዋን ያጥለቀለቃት ጊዜ ነው። ያኔ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። በእኛ ሰፈር ሰው ያልተኛበት ቤት አልነበረም። ውሃ በተራ ስለሚመጣ ሁላችንም በርሜልና ጀሪካን ሞልተን እናስቀምጣለን። ትንኟ የምትራባው እዚያው ውሃ ላይ ነው፤ የምትነክሰውም በቀን ነው። አጎበራችን ማታ ማታ ብቻ ነበር የሚዘረጋው።

ትኩሳቱ አራት ቀን ቆይቶ ለቀቀኝ። መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬን ዘርግቼ መርገጥ አልችልም። ግድግዳ ይዤ በእግሬ ጎንና ጎን ነበር ሽንት ቤት የምደርሰው። የጀሪካን ክዳን መክፈት ሲያቅተኝ የስምንት ዓመት ልጄን እጠራ ነበር። ጀበና በአንድ እጄ አንስቼ ቡና የቀዳሁት ከስንት ወር በኋላ! ስለዚህ እናትሽ «ጣቴ አልታዘዝ አለኝ» ሲሉ እመኛቸው። የበሽታው ስም ራሱ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ነው፤ በሕመም መጉበጥን፣ መቆልመምን ይናገራል። ቫይረሱ መጀመሪያ የታወቀው በ1952 እ.ኤ.አ በደቡብ ታንዛኒያ ነውና ስሙን ያወጡለት የታመሙት ሰዎች ናቸው።

እኔ የተሳሳትኩት መጀመሪያ ላይ ነው። ሲብስብኝ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እወጋለሁ፣ ሲለቀኝ ዝም እላለሁ። በሁለተኛው ወር ጨጓራዬ ተቃጠለ። ከዚያ አንድ ሰው ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን የሚባል እብጠት የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት አመጣልኝ። በሁለት ቀን ዳንኩ ብዬ እልል አልኩ። ሳቆመው ግን ቁርጥማቱ ብሶ ተመለሰ። እባክሽ እናትሽ ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም እንዳይነኩት። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ ብለሻል። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌንም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። በእሳቸው ዕድሜ እነዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

መንገድ ያሳየኝ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጠዋት ከተነሣሽ በኋላ ጣትሽ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብሎ ነው። አላውቅም አልኩት። «ሰዓት እያየሽ ጻፊና በሁለት ሳምንት ነይ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተነሣሁበት ሰዓት ተነሥቼ ጡጫዬን ጭብጥ እስካደርግ ያለውን ደቂቃ በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ እጽፍ ጀመር። 90፣ 85፣ 95... ዶክተሩ ደብተሩን አይቶ «ይሄ ድካም ወይም እርጅና አይደለም፣ መገጣጠሚያሽ ተቆጥቷል» አለኝ። አለቀስኩ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማኝ ሰው አገኘሁ።

እሱ እንዳስረዳኝ ቫይረሱ ከደም የሚጠፋው በሳምንት ገደማ ነው። የሰውነት መከላከያ ግን መገጣጠሚያው ላይ መዋጋቱን ላያቆም ይችላል። ከሦስት ወር ካለፈ ሥር የሰደደ ይባላል። ሴቶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ፣ ሲጀምርም ክፉኛ ያማቸው ሰዎች ላይ ይበረታል። ሬዩኒየን በምትባለው የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ ታሞ ነበር። እዚያ የተከታተሏቸው ብዙ ሰዎች ከዓመት በኋላም መገጣጠሚያቸውን ያማቸው ነበር። የወባ መድኃኒት የሆነው ክሎሮኪንም እዚያ ተሞክሮ አልረዳም። ማንም «ክሎሮኪን ውሰዱ» ቢላችሁ አትስሙ።

ያዘዘልኝ ምርመራ የደም ዝቃጭና ሲአርፒ (ሁለቱም ሰውነት መቆጣቱን የሚያሳዩ የደም ምርመራዎች ናቸው)፣ የሩማቶይድ ምርመራ፣ የጉበትና የኩላሊት ነው። ሩማቶይዱን የሚያዩት የዘወትሩ የቁርጥማት በሽታ ተደብቆ እንደሆነ ለመለየት ነው፤ ሕክምናው ይለያያላ። የእኔ ነጻ ወጣ። ለተወሰነ ሳምንት ማስታገሻ ከጨጓራ መከላከያ ጋር ወሰድኩ፣ ፊዚዮቴራፒም ሄድኩ። እብጠቱ ለወራት አልወርድ ላላቸው ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አለ። የሚወሰደው በሳምንት አንዴ ብቻ ነው፤ ጉበትና ደም እየታየ፣ በሐኪም ክትትል።

ቤት ውስጥ የጠቀመኝ ለብ ያለ ውሃ ነው። ጠዋት ሳፋ ላይ እጄን አሥር ደቂቃ እነክራለሁ፣ እዚያው ውስጥ ጣቴን ቀስ እያልኩ እከፍታለሁ እዘጋለሁ። ሥራ ደግሞ መከፋፈል ነው። አንድ ቅዳሜ ደህና ነኝ ብዬ የሳምንት ልብስ አጠብኩ፤ እስከ ረቡዕ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሦስት ልብስ። እናትሽንም ሊጥ ማቡካቱን ለጊዜው ተቀበያቸው፤ ግን ጨርሰው እንዳይተኙ። መገጣጠሚያ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል።

እንደ አዲስ ትኩሳት ከያዛቸው ማስታገሻ ሳይሆን ምርመራ ይቅደም። ድሬ ዴንጊ የሚባለው፣ እሱም በትንኝ የሚመጣ ትኩሳት አለባት። ዴንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ አስፒሪንም ዲክሎፌናክም የደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። እስከዚያው ፓራሲታሞል ብቻ።

እኔ ሙሉ በሙሉ እስኪለቀኝ አሥራ አራት ወር ፈጅቷል። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ቀስ እያለ ነው የወረደው፤ 60 ላይ ወር ሙሉ ቆሞ ተስፋ አስቆርጦኝ ነበር። ነገ ጠዋት እናትሽ ሲነሡ ሰዓት ያዢላቸው። ደቂቃውን፣ ያበጠውን ጣት፣ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ጻፊ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ከካርዳቸው ጋር አያይዘሽ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ይዘሻቸው ሂጂ። ምን እንዳሏችሁ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።