ሲግናሉ ሙሉ፣ ጥሪው አልሄድ፦ ስለ ቻናልና ተራ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከጎጃም ከተለያየ አካባቢ የመጡ ናቸው። ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ስለ 2ጂ ነው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ በገበያ ቀን ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ጥሪ አልሄድ ይለኛል። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ስልክዎ ደህና ነው። የሚያዩት የሲግናል መስመር የታወሩን ድምፅ መስማትዎን ብቻ ይነግርዎታል፤ ለመናገር ግን ተራ ያስፈልጋል። አንድ ቻናል (ታወሩ የሚጠቀምበት የሬዲዮ መንገድ) 200 ኪሎኸርዝ ስፋት አለው፣ ጊዜውም ለ8 ተራ ይከፈላል። አንዱ ተራ 0.577 ሚሊሰከንድ፣ ስምንቱ ተደምረው (ፍሬም የሚባለው) 4.615 ሚሊሰከንድ ይፈጃሉ። ሁለት ቻናል ያለው ሴል (ታወሩ የሚሸፍነው አካባቢ) 16 ተራ አለው ማለት ነው፤ ለታወሩ መልእክትና ለጥሪ ማስጀመሪያ የሚያዘው ሲቀነስ ለወሬ 14 ገደማ ይቀራል። አሥራ አምስተኛው ደዋይ ቦታ የለውም። ኩባንያው አንዱን ተራ ለሁለት ሰው ፍሬም እያፈራረቀ ሊያካፍል ይችላል፣ ድምፁ ግን ይሻክራል።

አደራ፣ በየሰከንዱ ደጋግመው አይደውሉ። ተራ የሚጠየቅበት ክፍል የጋራ ነው፤ ሁለት ስልክ እኩል ሲጠይቅ ይጋጫሉ፣ ብዙ ጊዜ የአንዱም አይሰማም። ግማሽ ደቂቃ ታግሦ መሞከር ይሻላል።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ጮቄ ላይ ሲወጣ የሩቅ ታወር ጥሩ ሆኖ ይታያል፣ ሲደወል ግን ይጠፋል። ለምን?

መልስ፦ ርቀቱ ተራውን ስለሚያዛባው ነው። ሞገድ በአንድ ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) 300 ሜትር ይሄዳል። 30 ኪሎሜትር ላይ ያለ ስልክ የታወሩን ሰዓት የሚሰማው 100 ማይክሮሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ መልሱም ሌላ 100 ይፈጃል። በተራና በተራ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 30 ማይክሮሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የዘገየው ስልክ በቀጣዩ ሰው ተራ ላይ ይወድቃል። ይህን ለማስቀረት ታወሩ «ቀድመህ ላክ» ብሎ ያዘዋል። ትእዛዙ ከ0 እስከ 63 ደረጃ አለው፤ አንዱ ደረጃ 550 ሜትር ያህል ነው። የ30 ኪሎሜትሩ ስልክ 54ኛው ላይ ይውላል፣ 35 ኪሎሜትር ላይ ደረጃው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መስማት ይቻላል፣ በተራ መናገር አይቻልም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፊት ለፊት የሚከልል ስለሌለ ይህ ያጋጥማል። ተራራው የሩቁን ታወር ወደሚጋርድበት ጎን ዞር ይበሉ፤ ስልኩ የቅርቡን ይይዛል። ለአንድ ሰው ሁለት ተራ በመስጠት ርቀቱን ማራዘም ይቻላል፣ ያንን የሚያደርገው ግን ኩባንያው ነው፣ የሚያስተናግደውንም ሰው በግማሽ ይቀንሰዋል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ስልክ ከመጥራቱ በፊት ሬዲዮኑ ትርርር የሚለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ስልኩ በተራው ሲልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። የሬዲዮኑ ሽቦ ያንን ይለቅመዋል። አንድ ሜትር ያርቁት።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ከአንድ ማማ ለሦስት ትምህርት ቤቶች በሚክሮቲክ (የገመድ አልባ ኔትወርክ መሣሪያ) ኢንተርኔት እናደርሳለን። ለየብቻ ፈጣን ነው፣ አብረው ሲጠቀሙ ይወድቃል።

መልስ፦ ሦስቱም አንቴናዎች ወደ ማማው ስለዞሩ አንዱ ሌላውን አይሰማም፤ ቻናሉ ባዶ መስሏቸው እኩል ይልካሉ። ተራ የሚያከፋፍለውን የሚክሮቲክ ሥርዓት፣ ኤንቪ2ን፣ በማማውም በሦስቱም ላይ ያብሩ። ከዚያ በኋላ የተለመደ ስልክና ላፕቶፕ ከማማው ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ ለግቢው ሌላ ዋይፋይ ይትከሉ። የሴል ራዲየሱን (ማማው የሚያስተናግደውን ርቀት የሚወስነውን ቁጥር) ከሩቁ ትምህርት ቤት ርቀት አያሳንሱ፤ ካነሰ ያ ትምህርት ቤት «ሬንጂንግ ታይምአውት» (የርቀት መለኪያ ጊዜ አለቀ) እያለ ይቆራረጣል።