ሪስታርት ሲደረግ የሚድን፣ ቆይቶ የሚወድቅ ኖድ

ጥያቄ፦ በኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት) ክላስተራችን አንዱ ኖድ (የክላስተሩ አባል ሰርቨር) በየጥቂት ሰዓቱ «ኖት ሬዲ» ይላል። ሰርቨሩን ሪስታርት ስናደርገው ይስተካከላል፤ ውሎ ሳያድር ግን ያው ነው። ምክንያቱን እንዴት እንለይ?

መልስ፦ ሪስታርቱን ለጊዜው ይተዉት፤ በዚያች ሰዓት የነበረው የሜሞሪና የፕሮሰስ ሁኔታ አብሮ ይጠፋል። ኖዱ እንደገና ሲወድቅ «ኩብሲቲኤል ዲስክራይብ ኖድ» ብለው የኖዱን ስም ያስከትሉና «ኮንዲሽንስ» የሚለውን ክፍል ያንብቡ። ከ«ሬዲ» ትይዩ የተጻፈው «አንኖውን» ነው ወይስ «ፎልስ»? ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ያልፈዋል፤ ግማሹ መልስ ግን ያለው እዚያ ነው።

«ፎልስ» ከሆነ ኩብሌት (በኖዱ ላይ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) በሕይወት አለ፣ ከኮንትሮል ፕሌኑ (ክላስተሩን ከሚመራው ክፍል) ጋር የሚያገናኘው ኔትወርክም ይሠራል፤ ችግሩን የሚነግርዎ ራሱ ኩብሌት ነው። ጎኑ ያለውን መልእክት ይመልከቱ። «ፕሌግ ኢዝ ኖት ኸልዚ» ካለ (ፕሌግ የኮንቴይነሮችን ሁኔታ የሚከታተለው የኩብሌት ክፍል ነው) የኮንቴይነሮቹን ዝርዝር መቃኘት 3 ደቂቃ አልፎም አልተጠናቀቀም ማለት ነው። ኖዱ ላይ ገብተው «ሲአርአይሲቲኤል ፒኤስ» (ኮንቴይነሮችን የሚዘረዝር ትእዛዝ) ይበሉ፤ እሱም ከዘገየ ወይም ከተንጠለጠለ ጥፋቱን ከኮንቴይነርዲ (ኮንቴይነሮችን ከሚያስነሣው ፕሮግራም) ወይም ከዲስኩ ፍጥነት ይፈልጉ። መልእክቱ ስለ ሲኤንአይ (የኮንቴይነሮች ኔትወርክ ፕለጊን) ከሆነ የፕለጊኑ ፖድ (አብረው የሚሠሩ ኮንቴይነሮች ስብስብ) በዚያ ኖድ ላይ መነሣቱን ያረጋግጡ።

«አንኖውን» ከሆነ ደግሞ ኮንትሮል ፕሌኑ ከኩብሌት ወሬ አጥቷል። ኩብሌት በየ10 ሰከንዱ መኖሩን ያሳውቃል፤ ይህ ለ40 ሰከንድ፣ በአዳዲሶቹ ስሪቶች ለ50 ሰከንድ ከተቋረጠ ሁኔታው ወደ «አንኖውን» ይቀየራል። ኩብሌት መቆሙን በ«ሲስተምሲቲኤል»፣ ሎጉን በ«ጆርናልሲቲኤል»፣ ወደ ኤፒአይ ሰርቨሩ (የኮንትሮል ፕሌኑ መግቢያ) መድረሱን ደግሞ ከኖዱ ላይ ይፈትሹ።

በሪስታርት እየዳነ በሚመለስ ችግር ግን እኛ አስቀድመን የምንጠረጥረው ሜሞሪን ነው። «ኪዩብ ሪዘርቭድ» እና «ሲስተም ሪዘርቭድ» (ለኩበርኔቲስ ፕሮግራሞችና ለሲስተሙ ድርሻ የሚያስቀምጡ ቅንብሮች) ካልተሞሉ ፖዶቹ የኖዱን ሜሞሪ ከሞላ ጎደል ጠቅልለው ሊወስዱት ይችላሉ፤ ያኔ ኩብሌትና ኮንቴይነርዲ የሚሠሩበት ያጣሉ። «ዲሜሰግ» (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳይ ትእዛዝ) ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ካገኙ ለሁለቱም ድርሻ ይያዙላቸው፣ የሜሞሪ ሊሚት (የፍጆታ ጣሪያ) በሌላቸው ፖዶች ላይም ሊሚት ያስቀምጡ። ሊሚት ብቻውን አይበቃም፤ የሊሚቶቹ ድምር ከኖዱ አቅም ሊበልጥ ይችላልና።

ለዚህ ሁሉ ምርመራ ጊዜ አለዎት። በነባሪው ቅንብር ፖዶቹ ከወደቀው ኖድ መባረር የሚጀምሩት ከ5 ደቂቃ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ትልልቅ ፋይሎችን ደምስሰን በዲስኩ ላይ ሰፊ ቦታ አለ፤ «ዲስክ ፕሬሸር» የሚለው የኖዱ የዲስክ እጥረት ምልክት ግን አልጠፋም።

መልስ፦ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቦታው ቢለቀቅም ኩብሌት ምልክቱን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ካልተነሣ አይኖዶችን (እያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚይዛቸውን የፋይል ሥርዓቱን መዝገቦች) በ«ዲኤፍ» ትእዛዝ ላይ ሰረዝ «አይ» ጨምረው ይዩ። በሊኑክስ ላይ ነጻ አይኖድ ከ5% ሲያንስም ያው ምልክት ይበራል፤ ብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይሎች ደግሞ ጊጋባይቱን ሳይሞሉ አይኖዱን ይጨርሱታል።