ኮፓው ተሠራ፣ ዘይቱ ግን አሁንም ይንጠባጠባል

«የ1994 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ዘይት ሲያንጠባጥብ የኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው ተብዬ አስቀየርኩ። ሳምንት ሳይሞላው ጠዋት ጠዋት መሬቱ ላይ ዘይት አያለሁ። ቤቴ ሆኜ ራሴ ልሠራው እችላለሁ ወይ?» ብለሃል።

አብዛኛውን ትችላለህ። ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያወጣኸው ዘይቱ ለሚወድቅበት ቦታ ሳይሆን አይቀርም፣ ለሚወጣበት አይደለም። ሞተሩ አናት ላይ ካለው የቫልቭ ክዳን የሾለከ ዘይት በሞተሩ ጎን ይወርዳል፣ ስትነዳ ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ መጨረሻ ኮፓው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል። ከሥር ሆኖ ያየ ሰው ኮፓውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን እጠበው። ሲቀዘቅዝ ነው ታዲያ፣ ዲስትሪቢዩተሩንና ዲናሞውን በላስቲክ ሸፍነህ። በደንብ ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ነስንስበት (ቺንጋው ላይ እንዳይደርስ) እና 15 ደቂቃ ያህል ነድተህ ተመለስ። ነጩ ፓውደር ላይ ቡናማ መስመር ታገኛለህ። ወደ ላይ ተከተለው። የካንዴላ ገመዶቹንም ንቀላቸው፤ ጫፋቸው በዘይት ከራሰ የካንዴላ ጉድጓዶቹ ጎማም አልቋል ማለት ነው።

ከቫልቭ ክዳኑ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ራስህ ቀይረው። አሮጌውን አውጥተህ እጠፈው፣ እንደ ደረቅ ፕላስቲክ ቀጭ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። የሚገጥምበትን ፊት በጨርቅ አጽዳ እንጂ በካቻቢቴ አትፋቀው፣ አሉሚኒየም ነው። ሲሊኮን ጥጎቹ ላይ ትንሽ ብቻ። ብዙ የሚቀባ ሰው ሳይ ያናድደኛል፣ ትርፉ ውስጥ ገብቶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ስታጠብቅም ከመሃል ጀምረህ ተራ በተራ፣ ከ10 ኒውተን ሜትር በታች። ጡንቻ እዚህ አያስፈልግም፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጎማው ተጨፍልቆ ይብስበታል።

ክዳኑን ከመግጠምህ በፊት ግን የሞተሩን መተንፈሻ ቫልቭ፣ ያቺን ክዳኑ ላይ በቀጭን ጎማ የተያያዘችውን፣ አውጥተህ ነቅንቃት። ቅጭልጭል ካላለች ተደፍናለች። ሞተሩ ውስጥ የታፈነው ግፊት መውጫ ሲያጣ በአዲስ ጓርኒሲዮንም በኩል ዘይት ይገፋል። ዋጋዋ ቀላል ነው፣ ቀይራት።

ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የሚገናኙበት ቦታ ብቻ ከረጠበ የኋላው ፓራኦሊ (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ሊሆን ይችላል። እሱ ካምቢዮ ያስወርዳል፣ ለጋራዥ ተወው። ዘይቱ የጭስ መውጫው ላይ እየወረደ የሚጨስ ከሆነ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና እስኪሠራ አትንዳው። ከሥር ስትገባ ክሪክ ብቻ አትመን፣ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አድርግበት።