ሃርድ ዲስኩን ስነቅለው ዊንዶውስ አልነሳም አለኝ

አንድ አንባቢ የጻፈልኝ ባጭሩ ይሄ ነው። ባለ 1 ቴራባይት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ዴስክቶፕ ላይ አዲስ ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ጨመረ። ዊንዶውስን ኤስኤስዲው ላይ እንደ አዲስ ጫነ፣ ፍጥነቱም አስደሰተው። አንድ ቀን ግን የሃርድ ዲስኩን ገመድ ነቅሎ ኮምፒውተሩን ሲያበራ «የሚነሳ ዲስክ የለም» አለው። መልሶ ሲሰካው ይነሳል። «ኤስኤስዲው ተበላሽቶ ይሆን?» ይላል።

አይ፣ ደህና ነው። ዊንዶውስህ ኤስኤስዲው ላይ አለ፤ እሱን የሚያስነሳው ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ግን ሃርድ ዲስኩ ላይ ቀርቷል። ስትጭን ሁለቱም ዲስኮች ተሰክተው ነበር። ጫኚው ከድሮው ዊንዶውስ የተረፈ የማስነሻ ፓርቲሽን ሃርድ ዲስኩ ላይ ሲያገኝ አዲስ መሥራቱን ተወና ፋይሎቹን እዚያው አስቀመጠ። ይህ ፓርቲሽን ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ፋይሎችህን በምታይበት መስኮትም አይታይም፣ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም።

መጀመሪያ አረጋግጥ። ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርግና ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈት። ዲስክ 0 እና ዲስክ 1 ከላይና ከታች ተደርድረው ታያለህ። «ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን» የሚለው ሲ ድራይቭ ካለበት ረድፍ ላይ ከሌለ፣ በቃ ነገሩ ያልኩህ ነው። ሲ ላይ «ቡት» የሚል ጽሑፍ አይተህ እንዳትሸወድ፤ እሱ የሚያሳየው ዊንዶውሱ የተቀመጠበትን ነው። ኮምፒውተሩ መነሳት የሚጀምረው «ሲስተም» ከተባለው ነው። ገልብጠው የሰየሙት ይመስላል፣ ግን እንዲያ ነው።

አዲስ ስለጫንክ እኔ የምመክርህ እንደገና እንድትጭነው ነው። ኤስኤስዲው ላይ ያለህን ፋይል በሙሉ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሳትረሳ፣ ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጥ። ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ከኤሌክትሪክ ንቀል፣ ሃርድ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ገመድም ንቀል። ከዚያ የዊንዶውስ መጫኛ ባለበት ፍላሽ አስነሳና ኤስኤስዲው ላይ ያሉትን ፓርቲሽኖች ሁሉ አጥፍተህ ባዶው ቦታ ላይ ጫን። ሌላ ዲስክ ስለማያይ የማስነሻውን ፓርቲሽን እዚያው ይሠራል። ሃርድ ዲስኩ ሳይሰካ ኮምፒውተሩ መነሳቱን ካየህ በኋላ ሃርድ ዲስኩን መልሰው፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ገብተህም በማስነሻው ተራ ኤስኤስዲውን አንደኛ አድርገው።

ሳይጫንም ይስተካከላል። ከሲ ትንሽ ቦታ ቀንሰህ ዲስክፓርት በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መከፋፈያ ትዕዛዝ የማስነሻ ፓርቲሽን ትሠራለህ፣ በፋት32 ፎርማት ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ቢሲዲቡት በሚባለው ትዕዛዝ ፋይሎቹን ትጽፍበታለህ። ግን ዲስክፓርት ምሕረት የለውም፤ የዲስኩን ቁጥር ከተሳሳትክ የፎቶህ ዲስክ ባዶ ሊሆን ይችላል። ለምዶብህ ካልሆነ ተወው።

አሁን ምን የት ይቀመጥ? ዊንዶውስ፣ ፕሮግራሞችና አሁን እየሠራህበት ያለው ሥራ ኤስኤስዲው ላይ ይሁኑ። ፊልም፣ ሙዚቃ፣ የድሮ ፎቶ ወደ ሃርድ ዲስኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሃርድ ዲስክ የሚያነበው እየተንቀሳቀሰ በሚፈልግ ክንድ ነው፤ አንድ ፋይል ጋ ለመድረስ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በጣም ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን ነው የሚያነበው፤ እሷ ጥቂት ጊዜ ተደማምራ ነው ቁጭ ብለህ እንድትጠብቅ የምታደርግህ። ፊልም ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በተከታታይ ስለሚነበብ ሃርድ ዲስኩ ያለ ችግር ይዘልቀዋል። ፊልም ኤስኤስዲ ላይ ማከማቸት ቦታ ማባከን ነው።

ዳውንሎድስ ፎልደርህን ወደ ዲ ድራይቭ (ወደ ሃርድ ዲስኩ) ለማዛወር ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ። አደራ፣ ዲ ላይ መጀመሪያ አዲስ ፎልደር ክፈትና እሱን ምረጥ። ዲን ራሱን ከመረጥክ ዊንዶውስ ድራይቩን በሙሉ እንደ ዳውንሎድስ ይቆጥረዋል፤ ወደ ነበረበት መመለሱ ያናድዳል። ፕሮግራም ፋይልስን ደግሞ ጎትተህ እንዳታዛውረው፣ ፕሮግራሞቹ መሥራት ያቆሙብሃል።

ኤስኤስዲውን ጢም አድርገህ አትሙላው፣ ከ10 እስከ 20 በመቶ ባዶ ተውለት። ዲፍራግ የሚያደርግ (የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን የሚሰበስብ) ሌላ ፕሮግራምም አትጫንበት፤ የሚያስፈልገውን ዊንዶውስ ራሱ ያደርጋል። ዲን ስትከፍት ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ አትደንግጥ፣ ሃርድ ዲስኩ ሥራ ሲፈታ መሽከርከሩን ስለሚያቆም ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፦ ዲስክህ አሮጌ ነው። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤንነት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጫንና እየው። ቢጫ ምልክት ከሰጠህ ፎቶዎችህን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ የቀረው ሁሉ ይደርሳል።